ኦርጅናል ቀዳዳ

ጥቅምት 3፣ ማክሰኞ

ጠዋት አዲስ ቦንዳ ፈታሁ። የክረምት ካፖርት ተብሎ የመጣው ግማሹ የሆቴል ጋውን ሆኖ ተገኘ። ምን ይደረጋል? ደርድሬ ሰቀልኩትና «የቤት ካፖርት» ብዬ ጻፍኩበት። እስከ ምሳ ሰባቱ ሄደ። ሰው ስም ካወጡለት ይገዛል።

የቆዳ ጃኬቱም እንደ ወትሮው ነው። አዲስ አስመጣለሁ፣ በምላጭ እቀድዳለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እፈገፍጋለሁ፣ ያረጀ አስመስዬ ከአዲሱ አስበልጬ እሸጣለሁ። ገዢዎቼ ፓንክ የሚባለውን ሙዚቃ የሚወዱ ናቸው። አዲስ ልብስ ያሳፍራቸዋል።

እህቴ ባንክ መስኮት ላይ ገንዘብ ስትቆጥር ውላ ስትመለስ ነጭ ሸሚዟን አውልቃ ሰቀለች፣ ራት በላን፣ ዝም። መዝፈን ከተወች ሰባት ወር ሞላት። ድሮ ከደረጃው ጀምራ እየዘፈነች ነበር የምትገባው፤ የታችኛው ቤት ሰውዬ በመጥረጊያ ጣሪያውን ይደበድብ ነበር። አሁን እሱም ሳይናፍቀው አይቀርም።

የሆነውን ሙሉውን ለራሴ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ዛሬ ልጻፈው።

ፓንኮቹ የሚዘፍኑበት አዳራሽ የድሮ የጠርሙስ መጋዘን ነው። በሩ ላይ ጥፍር የሚሉት ሰው ይቆማል። የአውራ ጣቱን ጥፍር አሳድጓል፤ ስሙም ከዚያ ነው። ዘፋኝም ሆነ ተመልካች፣ አዲስ ሰው ሲመጣ ልብሱ ላይ ያለውን ቅድ በዚያ ጥፍር ነካ አድርጎ «ይሄ ከየት መጣ?» ይላል። እያንዳንዱ ቅድ ታሪክ ሊኖረው ይገባል። ከሞተር ወደቅሁ፣ አጥር ስዘል ያዘኝ፣ ውሻ ነከሰኝ። ታሪክ የሌለው «ፎርጅድ» ተብሎ ይባረራል።

እህቴ በመጋቢት ለመጀመሪያ ጊዜ ልትዘፍን ሄደች። ጃኬቱን የሠራሁላት እኔ ነኝ፤ ስጦታዬ ነበር። «ይሄ ከየት መጣ?» አላት። መዋሸት አታውቅም። «እህቴ ቀደደችልኝ» አለች። ትከሻዋን በጥፍሩ ፋቀው። የጫማ ቀለም ነበር የቀባሁት... ለቀቀ። ጣቱን ከፍ አድርጎ ለሰልፈኛው አሳየ። «የባንክ ቤት ፓንክ!» አለ። ከዚያ በመቀስ ጀርባዋ ላይ የሰፋሁላትን የቡድኗን ስም ቆርጦ አነሳ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ወደ ቤት መጣች።

ቀለሙ የእኔ ነው። ቅዱም የእኔ። መቀሱ ግን የሱ ነው። እንዲሁ አይቀርም።

ጥቅምት 5

ጉድ ነው! ጥፍር ራሱ ሱቄ መጣ።

በጓሮ በር ገባ። እኔን አያውቀኝም፤ እኔ ግን ጣቱን ሳይ አወቅሁት።  ፊቴ ግን የነጋዴ ፊት ነው፣ ምንም አላሳየም።

«እትዬ፣ በዚህ ሥራ እጅሽን የሚያህል የለም አሉኝ።»

«ማን አለ?»

«ይባላል እንጂ... ብቻ በሚስጥር ነው።»

ከከረጢት ጃኬት አወጣ። ያ የታወቀው ጃኬት። አዳራሹ ከተከፈተ ጀምሮ ሃያ ዓመት የለበሰው፣ ስለ እያንዳንዱ ቅድ ሲተርክ የኖረው፣ ልጆች ፎቶ የሚነሱበት። ሆዱ ገፍቶ ዚፑ አልዘጋ ብሎታል። እሱ ራሱ ነው ያሳየኝ፤ ትንፋሹን ውጦ ጎተተ፣ ጎተተ... ሳቄን ዋጥኩ።

«ይህንኑ ሥሪልኝ፤ ሁለት ቁጥር ከፍ አድርገሽ። ቅዱ፣ ጭረቱ፣ ሁሉም በቦታው። ሰው እንዳይለየው።»

«አሮጌውስ?»

«አቃጥዪው። ሁለት ሆኖ እንዳይገኝ። አመዱን አሳዪኝ።»

ናሙና አቀረብኩለት። በዚያ ጥፍሩ ፋቀው። ምንም አልለቀቀም። ከእህቴ ወዲህ የጫማ ቀለም ትቻለሁ፤ በአልኮልና በእሳት ነው የምሠራው። «ቆንጆ» አለ። «ለመቼ ይደርሳል?»

«ለመቼ ፈለግኸው?»

«ኅዳር አሥራ ዘጠኝ የአዳራሹ ሃያኛ ዓመት ነው።»

«ይደርሳል፣ ወንድሜ» አልኩት።

ጥቅምት 6

ለእህቴ አልነገርኳትም። በችኮላ የሚሆን ነገር አይደለም። ስፌቱን ላበላሽበት? መድረክ ላይ እንዲፈታበት? አይሆንም። ከእጄ የወጣ ዕቃ አይበላሽም። እንዲያውም ከሠራሁት ሁሉ የተሻለውን ነው የምሠራለት። ያኔ ነው የሚገባው።

ጥቅምት 12

ልኬት ለመውሰድ የጃኬቱን ገበር ፈታሁ። እጄ ቆመ።

የትከሻው ቅድ... «የፖሊስ ውሻ ነው» የሚለው ትልቁ... ጠርዙ ጥርስ አያውቅም። በምላጭ የተቆረጠ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈገ ነው። የክንዱም እንዲሁ። ዳርና ዳሩ ላይ እንዳይሰፋ በድርብ ክር ታስሯል፤ ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ዞሮ በመካከል የሚያልፍ። ያንን ቋጠሮ አውቀዋለሁ። እኔም የማስረው እንደዚያ ነው። ካስተማሩኝ ከሽማግሌው ልብስ ሰፊ ሌላ እንዲያ የሚያስር አላየሁም።

ከቅዱ ሥር ደግሞ ሌላ ጨርቅ አለ። ከውጭ ሲያዩት ጥቁር ነው፤ ከቆዳው አይለይም። ገልብጬ አየሁት። ፍላኔል ነው፣ ያ የሚያሞቅ ለስላሳ ጨርቅ። ቢጫ ቢጫ ዳክዬዎች ያሉበት።

ዳክዬ!

ሱቁን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ። እንባዬ እስኪመጣ።

ጥቅምት 14

ሽማግሌው ጋ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ አሁን በጣታቸው ነው የሚያዩት። ትከሻውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና ፈገግ አሉ።

«ይሄማ የብርዱ ልጅ ነው!»

«የቱ ብርድ፣ ጋሼ?»

«እናቱ ናት ያመጣችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፀጉሩ በደንብ ተበጥሮ። ‹ውሻ የነከሰኝ አስመስለህ ቅደድልኝ› ይለኛል። አዲስ ጃኬት፣ ልጄ! እጄ እምቢ አለኝ። እናቲቱ ምንም አትልም፤ ቁጭ ብላ ታያለች። ከዚያ ‹ሂድ ክር ግዛላቸው› ብላ አስወጣችው። ሲወጣ ከቦርሳዋ የሕፃንነት ፒጃማውን አወጣች።»

«ዳክዬ ያለበትን?»

«አገኘሽው? በአንድ በኩል ጥቁር ቀለም ቀብቼ አስገባሁት። ‹ደረቱ ደካማ ነው፤ ከቅዱ ሥር ጣሉልኝ፤ እሱ ግን እንዳያውቅ› አለችኝ። አላወቀም። ይኸው እስከ ዛሬ።»

«አሁንም አለች?»

«አረፈች። አራት ዓመት ሆናት።» ጃኬቱን መለሱልኝ። «ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ልለብሰው ነው።»

 ድምፄ ውስጥ የሆነ ነገር ሰምተዋል መሰለኝ። «አንቺ ልጅ፣ እሱ ሥራ የተሠራው እንዲያሞቅ ነው» አሉኝ።

ሰማሁ። ጃኬቱን ጠቅልዬ ወጣሁ። ጥፍር ለዓመታት ምን እያለ እንደኖረ አውቃለሁ፤ እህቴ ነግራኛለች። በቀዝቃዛ ቀን ደረቱን ከፍቶ በር ላይ ይቆምና «ኦርጅናል ፓንክ አይበርደውም» ይላል። ጉንፋን በያዘው ልጅ ሁሉ ይስቅ ነበር።

ጥቅምት 23፣ ሰኞ

ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ቅዱን ቀደድኩ። አሮጌውን ከጎን ዘርግቼ በክር እየለካሁ። የክርኑ ጭረት ሰባት ነው፤ ሰባት አደረግሁ። አንገቱ ላይ ላብ ያጠቆረው አለ፤ በሻይ ቅጠልና በዘይት አመጣሁት። ምን ዓይነት ሥራ! የጠላሁትን ሰው ሃያ ዓመት በአሥር ቀን ሠራሁለት።

ፍላኔሉን ግን አልጨመርኩም። አላዘዘማ።

ጥቅምት 30

ወሰደው። መስታወት ፊት ዞረ፣ ዚፑን ዘጋ፣ ከፈተ፣ እንደገና ዘጋ። ጥፍሩን ሰደደ፤ ምንም። እንባ ሊመጣው ምን ቀረው።

«ራሱ ነው! ራሱ!» አለ። «አመዱስ?»

የቆዳ ቁርጥራጭ አቃጥዬ በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጬለት ነበር። ከፈተ፣ አሸተተ፣ ክዳኑን ገጠመ።

«ደህና ሰንብች» አለ። ለኔ ይሁን ለአመዱ አላወቅሁም። በጓሮ በር ወጣ።

ሞኝ። ሃያ ዓመት የሰው ቅድ ሲመረምር ኖሮ አመድ መመርመር አያውቅም።

ኅዳር 4

እህቴ ጃኬቱን ከካፖርቶቼ ሥር አገኘችው።

«ይሄ... ይሄ የሱ አይደለም? ከየት አመጣሽው?»

ነገርኳት። ሁሉንም። ዳክዬዎቹ ጋ ስደርስ ሳቀች። አልጋው ላይ ወድቃ! ከመጋቢት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ቀስ ብላ ተነስታ ተቀመጠች።

«እና ምን ልታደርጊ?»

«ለብሼው እሰለፋለሁ። ይጠይቀኝ።»

«አይ እታለም። አንቺም ጥፍር ልታበቅዪ ነው።»

«ለአንድ ቀን ነው። ከዚያ እቆርጠዋለሁ።»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ ይቅርብኝ።»

«ላንቺ ብቻ አይደለም። ቀለሙ የኔ ነበር።»

 ስንት ጊዜ ልጠይቃት ያሰብኩትን ጠየቅኋት። «ለመሆኑ ይሄ ፓንክ የምትሉት ምንድነው? ጃኬቱ ካልሆነ፣ ቅዱ ካልሆነ?»

«ያለውን እንዳለ መናገር ነው። ሰው ምን ይለኛል ሳትዪ። ለማንም ሳታደዪ።»

«ታዲያ አንድ ጥፍር ፈርተሽ ሰባት ወር ዝም?»

«አልፈራሁም» አለችኝ። «አፈርኩ።»

የፈራን ሰው አይዞህ ይሉታል። ያፈረን ምን ይሉታል? አላውቅም። የማውቀው ያሳፈረውን ማሳፈር ነው።

«እኔ አልመጣም» አለች። «እወቂው።»

ኅዳር 18

ጃኬቱን ለካሁት። ልክክ አለ። ነገ።

ኅዳር 20፣ እሑድ

ትናንት ስምንት ተኩል ላይ ደረስኩ። ሰልፉ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይደርሳል። ቀኑ ብርዳም ነበር፤ እሱ ግን ደረቱን ከፍቶ በር ላይ ቆሟል። አዲሱን ጃኬት ለብሶ። ከሩቅ ሳየው፣ እውነቴን ነው፣ ኮራሁ። ግሩም ሥራ ነው።

እኔ ምንም ሳልናገር ሰልፈኛው ራሱ ጀመረው። ከኋላዬ አንዱ «እናንተ፣ የጥፍር መንትያ መጣች!» አለ። ሳቅ። ተራዬ ሲደርስ አየኝ። ከዚያ ጃኬቱን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ግቢ» አለኝ በቀስታ።

«አልገባም። ጠይቀኝ እንጂ። ሁሉም ተጠይቆ አይደለም የሚገባው?»

«ግቢ አልኩሽ እኮ...»

«ጠይቃት!» አሉ ከኋላ። «ምነው ጥፍር፣ ተሰበረ እንዴ?»

ጣቱን አነሳ።  «ይሄ... ከየት መጣ?»

«ከልብስ ሰፊ» አልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ። «በምላጭ። የክንዱ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት። አንተ የለበስከው ከእኔ ነው፤ ጥቅምት ሃያ ሦስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሱቄ ውስጥ። አሮጌው ጠበበህ።»

«ውሸት ነው! የሷ ነው ፎርጅዱ! ኦርጅናሉ ይሄ ነው!» ደረቱን መታ።

ይህን ነበር የምጠብቀው። የትከሻውን ቅድ በሁለት ጣት ከፈትኩና ጨርቁን ገልብጬ አወጣሁት።

«ኦርጅናሉ ይሄ አለው።»

ከፊት ያለች አንዲት ቀይ ፀጉር ልጅ ጎንበስ ብላ አየች። «ዳክዬ!» ብላ ጮኸች። «ዳክዬ ነው! ፒጃማ!» ቃሉ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደ። ሳቁ ሲመለስ ይሰማኛል።

«እናትህ ናት ያስገባችው» አልኩ። «ደረቱ ደካማ ነው፣ እንዳይበርደው፣ እሱም እንዳያውቅ ብላ።»

እሱ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። እጁን ሰዶ ፍላኔሉን ነካው። በጥፍሩ አይደለም፣ በጣቱ ሆድ።

«እኔ እኮ አይበርደኝም ነበር» አለ። ለማንም አይደለም።

አየሁት። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። ጠጋ ብዬ «በመጋቢት የባንክ ቤት ፓንክ ያልካትን ታስታውሳለህ? የቀደድኩላት እህቷ እኔ ነኝ» አልኩት። አንገቱን ደፋ። ሰው በሳቅ እየተንፈራፈረ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በቀል ሲደርሱበት ይመራል የሚሉ ሰዎች ሳይቀምሱት ነው የሚያወሩት። እኔ ቀመስኩት፤ ይጣፍጣል።

በዚህ መሃል ሰው ሁሉ ዘወር አለ። እህቴ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ትሠራለች፤ ከባንክ በቀጥታ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ቀሚስ፣ የስም ምልክቷ ደረቷ ላይ እንዳለ። እኔንም እሱንም አየችን። ሁለታችን አንድ ዓይነት ጃኬት ለብሰን በሩን ዘግተን ቆመናል።

«ሁለታችሁም ዞር በሉ» አለች።

ዞር አልን። ማንም ምንም አልጠየቃትም። ሰው ተከትሏት ገባ። መድረክ ላይ ወጣች፤ ከበሮ መቺዋና ጊታሪስቷ እዚያ ነበሩ፤ ለካ ደውላላቸው ኖሯል። ማይኩን ያዘች፦

«አንዱ በር ላይ ቆሞ ጨርቅ ይመረምራል፣
እህቴ በምላጭ የቀደደችው ያምራል፤
እኔ ከመስኮቴ እንዳለሁ ወጣሁ፣
ማን ነሽ ለምትሉኝ እኔ ነኝ፣ መጣሁ!»

የዘፈኑ ሁለተኛ አንጓ ሙሉውን ስለ እኔ ነው። አዲሱን አስረጅታ የምትሸጥ፤ ለእህቷ ተቆርቁራ የሞተች እናት ሰልፍ ፊት የምታቆም። እንደዚያ ብላ ነው የዘፈነችው፤ በዚያ ድምፅ፤ ጣቷን ወደኔ አድርጋ። ሰው ዞሮ አየኝና ሳቀ። እሱ አጠገቤ ቆሟል፤ እሱም ተሳቀበት። ሁለት ጃኬት ጎን ለጎን። መሬት ዋጪኝ ነው ያልኩት።

አንድም ቃል ውሸት የለበትም። ያ ነው የሚያቃጥለው። ለኔ እንኳ አላደላችም።

ማፈር ምን እንደሆነ ትናንት ከዘጠኝ ተኩል ጀምሮ አውቄዋለሁ።

ኅዳር 22

ጥፍር መጣ። ቅዳሜ ሲወጣ ጃኬቱን ጠይቆኝ «በፊት በር፣ በቀን፣ ሰው እያለ ና» ብዬው ነበር። መጣ። አራት ገዢ ነበር። ተራ ሹራብ ለብሷል፤ አንገቱ ድረስ ተቆልፎ። ጥፍሩ ተቆርጧል። አሮጌውን በወረቀት ከረጢት ሰጠሁት። ከፍቶ አላየውም፤ ከላይ ዳበሰው።

«አዲሱንስ መልሰሽ ትወስጂልኛለሽ?»

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እኔም አላዘንኩለትም። ይቅርታ አልጠየቅሁትም። እሱም እህቴን አልጠየቃትም። የእናቱን ነገር ግን... እሱን ለመጻፍ ብዕሬ አልታዘዝ አለኝ። ሌላ ጊዜ።

ከሰዓት በኋላ ጃኬቶቹ ላይ ያለውን ወረቀት ቀየርኩ። «እዚሁ የተቀደደ» ብዬ ጻፍኩ። አምስት ሰው አነበበው፤ ሦስቱ ሳቁ፣ ሁለቱ ገዙ።

ኅዳር 27፣ እሑድ

ትናንት እንደገና ዘፈነች። በሩ ላይ ማንም የለም፤ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እኔ አልሄድኩም። ሱቅ ነበረኝ። እሺ፣ ሱቅ አይደለም፤ ያንን አንጓ መልሼ መስማት አቅቶኝ ነው።

የማይኩ መቆሚያ ብሎን የሸሚዟን እጅጌ ይዞ ከክርን እስከ እጅ አንጓ ቀዶታል። እንደተንጠለጠለ ዘፍና ጨረሰች አሉ። ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ከመርፌ ሣጥኔ ጎን አስቀመጠችው።

«ስፊልኝ።»

«ይሄንን? ይሄ እኮ ኦርጅናል ነው! ሰው ስንት ይከፍልበታል!»

«ነገ ሰኞ ነው፤ መስኮት ላይ እቀመጣለሁ። እንዳይታወቅ አድርገሽ ስፊው።»

በጣም ቀጭኑን ነጭ ክር አወጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ቅድ እንዲታይ ነው የሠራሁት፤ ለማጥፋት ለካ እጄን ማስተማር ነበረብኝ። ሁለት ጊዜ ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ። ስጨርስ የት እንደነበር እኔ ራሴ መፈለግ ነበረብኝ።

ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃን አየችው። አገላበጠችው።

«ጎበዝ» አለችኝ። ቀጥላም፣ ወደኔ ሳትዞር፦ «ሁለተኛውን አንጓ ቀይሬዋለሁ።»

«አለዘብሽው?»

«ብሶብሻል።»

«እስቲ ልስማው።»

«ቅዳሜ እንደ ሰው ከፍለሽ ገብተሽ ስሚ።»